ከተማ የገባው ጎጆ

ሰሞኑን በሰፈራችን የውኃ መስመር ሊቀየር ነው ተብሎ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል። ባጃጆቹ ማለፊያ አጥተው ከጥግ ቆመው ጡሩንባ ይነፋሉ፣ ብሎኬት የጫነው አይሱዙ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይል፣ እኛ አሮጊቶቹ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በጣውላ ላይ እየተንገዳገድን እንሻገራለን። ሰው ሁሉ ያማርራል። እኔ ግን ወንበሬን አውጥቼ ከደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ሽታውን እስባለሁ። ክረምት የጠጣ ቀይ አፈር ሲገለበጥ የሚሸተው ነገር ለእኔ የሙሽርነቴ ሽታ ነው። ትናንት እንዲሁ እንደ ተቀመጥሁ አንዲት ቀያሽ ልጅ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ከፊቴ ተከለች። ጂንስ ሱሪ ታጥቃ ቢጫ ሰደርያ ደርባለች፤ የደምበጫ ልጅ ናት፣ በአነጋገሯ አወቅኋት። ከተማው አሁን ደግሞ ከእኛ ወዲያ ያሉትን መንደሮች ሊጠቀልል ስለሆነ ልትለካ መምጣቷ ነው። «እማማ፣ እርስዎ የቆዩ ሰው ይመስሉኛል፤ የማርቆስ ከተማ የድሮ ወሰን የት ላይ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከአማቴ በረት ጀርባ» አልኋት። የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ያን ጊዜ ይህ ሰፈር ሰፈር አልነበረም፤ ወይራ አፋፍ የሚባል የገበሬ መንደር ነበር። በመንደሩና በማርቆስ የመጨረሻ አጥር መካከል የከብት መስክ ተዘርግቷል፤ ሰፊ እንዳይባል ድምፅ ያሻግራል፣ ጠባብ እንዳይባል ክረምት ሲሆን ጫማ ይውጣል። ማታ ማታ ከወዲያ አምፖሉ ቦግ ሲል ከወዲህ እኛ ኩራዝ እንለኩሳለን። ከደጃችን ቆመን ከከተማው ቦኖ ላይ የተሰለፉትን ሴቶች የሻሽ ቀለም እንለይ ነበር፤ አረንጓዴዋ ተራዋ ደረሰ፣ ቀይዋ ተጣላች እያልን እናወራለን። ውኃውን እናየዋለን እንጂ አንቀዳውም። ቦኖው ለከተማ ነዋሪ ብቻ ነበርና ከመስኩ ወዲህ ያለ ሰው ከዳገቱ ሥር ያለውን ምንጭ ነው የሚያውቀው።

እኔ ግን ትውልዴ ከወዲያ፣ ከከተማው ነው። ቤታችን ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ነበር፤ ጠዋት የምነቃው በፈረስ ኮቴ ነው። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ ነበረን። ከፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ቴፑን በመስኮቱ ላይ አድርጎ ከማለዳ ጀምሮ ዘፈን ይለቃል፤ ካሴቱ ሲያንጎራጉር በእርሳስ ያጠነጥነዋል፣ እኛም እስኪያጠነጥን ቆመን እንጠብቃለን። በስሙኒ ትኩስ ዳቦ ይገዛ ነበር፤ ያውም እጅ የሚሞላ። ነጭ ሸራ ጫማ ነበረኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኖራ ድንጋይ አነጣዋለሁ፣ እሑድ ለቅዳሴ እወጣበታለሁ። አበባ የተነቀሰበት ናይሎን ቀሚስ የያኔ ጌጥ ነው፤ የእኔው ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፎቶውን አይተው ይስቁብኛል፣ ያኔ ግን መንገድ ያስለቅቅ ነበር። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ የአናጢ ቤት አለ። ከወይራ አፋፍ እየተመላለሰ በር የሚሠራ ዘውዱ የሚባል ጎረምሳ እዚያ ይውላል፤ ካኪ ቁምጣ ለብሶ ጋቢውን ከምስማር ላይ ይሰቅላል፣ ጠጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አይጠፋም። ይህ ልጅ ውኃ አጠጡኝ እያለ ወደ ግቢያችን ይመጣል። በቀን እንዲያ የሚጠጣ ሰው አላየሁም። እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ የነገሩን አካሄድ የተረዳችው ከእኔ ቀድማ ነው፤ አንድ ቀን ኩባያውን ስታቀብለው «የአናጢ ቤት ጨው ይልሳሉ እንዴ?» አለችው። ያን ዕለት ሳይጠጣ ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር አባቱ አያ ይስማው አብረው መጡ። ሚስታቸው ሞታባቸው ዘውዱን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ረዥም፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ ከእርሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እናቴ ልጁን አልጠላችም። ጠላቴ የምትለው የምንጩን መንገድ ነበር። ቧንቧ ግቢያችን ሳይገባ በፊት ነፍሰ ጡር ሆና እንስራ እንደ ተሸከመች ከዳገት ላይ ተንሸራታ ፅንሷን አጥታለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔ የተወለድሁት። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነገረቻቸው። ልጄን እሰጣለሁ፣ ነገር ግን የመጀመሪያ ልጇን ሳትወልድ ውኃ ከደጇ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ባሏ ከፈለጋት ተከትሏት ከተማ ይግባ አለች። በአገራችን የጋብቻ ቃል በዋስ ይታሰራል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የውኃ ዋስ ሰምተው አያውቁማ። አያ ይስማው ግን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ውኃው ይደርሳል» አሉ። በየት በኩል እንደሚደርስ ግን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ገና አላወቁትም።

እንግዲህ ወይራ አፋፍ ገባሁ። ዘውዱ ከአባቱ ትልቅ ጎጆ አጠገብ ትንሽ ቤት ሠራልኝ፤ በሩን እንዳየሁት ሳቅሁ፣ ከቤቱ ይልቅ በሩ ያምር ነበር። ሙሽራ በአማቷ ፊት እህል አትቀምስም፣ ቀና ብላ አታይም፣ በቀጥታም አታናግርም፤ እኔም ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ከቤት ቤት እሽሎከለካለሁ። እሳቸውም መምጣታቸውን በሳል ያሳውቁኛል፤ በረት ሲገቡ አንድ ሳል፣ በደጄ ሲያልፉ አንድ ሳል። ዛሬ ምራቶቼ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ ተቀምጠው ጉርሻ ይሻሙኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ግን ያ ሳልም የራሱ የሆነ ፍቅር ነበረው። ምንጩን ከመንደሩ ሴቶች ጋር ወረድሁ፣ ወጣሁ፣ ትከሻዬ ለመደ፤ ሸራ ጫማዬ ግን በጭቃው ቡናማ ሆኖ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ አረገዝሁ። ወሬውን ከመንደሩ ሁሉ ፈርተው የሰሙት አያ ይስማው ሳይሆኑ አይቀሩም። ቃላቸው ከጠፋ ምራታቸው ብቻ አይደለችም የምትሄደው፤ ልጃቸውም አብሮ ይሄዳል፣ ማሳውም በሬውም ያለ ወራሽ ይቀራል፣ እሳቸውም ለእርጅናቸው ብቻቸውን ይቀራሉ።

በዚያው ክረምት ማርቆስ ልትሰፋ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ቀያሽ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ አድርጎ መንደሩን ከወይራው ሥር ሰበሰበ። ገሚሱ ሰው ማሳዬን ሊወስድብኝ ነው ብሎ ያጉረመርማል፣ ገሚሱ መብራት ይገባልን ይሆን ብሎ ይመኛል። ዛሬ ከእኛ ወዲያ ያሉት ገበሬዎችም ያንኑ ነው የሚያወሩት፤ አሁን ካሳ የሚባል ነገር ተጨምሯል እንጂ ስጋቱና ጉጉቱ ያው ነው። ከተማን እንደ አያ ይስማው የሚጠላ ሰው አልነበረም። የከተማ ሰው በውኃ የቀጠነ ወተት ይሸጣል፣ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፣ ሬሳ ሲያልፍ አይነሣም ይሉ ነበር። ያን ቀን ግን ተነሥተው የጠየቁት ስለ ውኃ ብቻ ነው። ቀያሹ ደግ ሰው ነበር፣ ሳይቸኩል አስረዳቸው። ቦኖ የሚተከለው በከተማው ክልል ውስጥ ላለ ቤት ነው፤ ከተማው ደግሞ መስክ ዘሎ መንደር አይይዝም፤ ቤት ከቤት ተያይዞ ሲመጣ፣ ከአጥሩ የሚነካካውን ብቻ ነው የሚያስገባው። ከመስቀል በኋላ ተመልሼ ችካል እተክላለሁ ብሎ ሄደ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ቀሩ። መላውን ያመጡት አማቴ ናቸው። ችግሩ መስኩ ከሆነ መሐሉ ላይ ቤት ይኑርበት፤ አጥሩ በሁለቱም በኩል ተዘርግቶ ከከተማውም ይነካካ፣ ከእኛም ይነካካ። የማን ቤት ሲባል «የኔው ይነሣ» አሉ። ያ ሰው ከተማ ማለት የሚቀፋቸው፣ ሚስታቸው ያረፈችበትን ጎጆ ነው የሰጡት። ዘውዱ አባቱን ሊከለክል ቢሞክር አልሰሙትም። ወይራው ከደጃችን ነውና እኔም ከቤቴ ውስጥ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ ሰማሁ፤ አለቀስሁ፣ ምክንያቱም ለእኔ እንደሆነ ይገባኛል። ወጥቼ እንዳልናገር ሙሽራ ነኝ።

አገር የማያውቅ ሰው ቤት ይነሣል ሲሉት ፈርሶ ይመስለዋል። የለም። ግድግዳው ይፈርሳል፣ ጣራው ግን እንዳለ ተሸካሚ ምሰሶ ገብቶለት በደቦ ይነሣል፤ ከሥሩ የገባው ወንድ ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ አዲስ በተተከለው ግድግዳ ላይ ይጫናል። በመስከረም መጀመሪያ፣ አደይ አበባው መስኩን ሞልቶት፣ መንደሩ በሙሉ ወጣ። ሴቶቹ ጠላ በማድጋ አስቀምጠናል። ዘውዱ ማልዶ ከመስኩ እኩሌታ ላይ እንጨት ተክሎ ነጭ ጨርቅ አስሮበታል፤ ጣራው መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፣ ግድግዳው ከሥሩ ይታጠራል ተብሏል። የሚያስቀው ነገር ግን ይህ ነው፤ ከጣራ ሥር የገባ ሰው የሚያየው የራሱን እግርና ሣሩን ብቻ ነው። መንገድ የሚያሳየው ከፊት የሚሄደው ዘፋኝ ነው። ዘፋኙ ስንሻው የሚባል፣ ድምፁ የሚያሰክር፣ እሱ ራሱ ግን ከድምፁ ቀድሞ የሰከረ ሰው ነበር። ጣራው ብድግ ሲል እልል አልን። ስንሻው ወደ ኋላው እየሄደ፣ ፊቱን ወደ ጣራው አዙሮ፣ እጁን እያወራጨ እንዲህ አለ፦

ውኃው አልመጣ አለ ስንጠብቅ ስንጠብቅ፣
ቤቱ ራሱ ሄደ ቧንቧውን ሊጠይቅ።

ወንዶቹ ከሥር ሆነው ሆ ብለው ተቀበሉት። ከሩቅ ለሚያይ ጎጆው እግር አብቅሎ የሚሮጥ ይመስል ነበር። ስንሻው ወደ ኋላው ስለሚሄድ ነጩን ጨርቅ በጀርባው ገፍቶ ጣለው፤ እንጨቱም በሰው እግር ሥር ጠፋ። ከምዕራብ ዝናቡ ጠቆረ፣ ሰዎቹ ፈጠኑ፣ ዘፈኑም ጣፈጠ። እኛ ሴቶቹ እጃችንን እያርገበገብን «በቃ! በቃ!» ብንል በርቱ ያልናቸው መስሏቸው ጨመሩ። ጣራው የቆመው ከማርቆስ የመጨረሻ አጥር ጋር ሲላተም ነው፤ የአንዲት ጠላ ሻጭ የባሕር ዛፍ አጥር ጓ ብሎ ወደቀ፣ ሴትዮዋ ምጣዷን ጥላ ወጣች። ዝናቡም ያኔ ወረደ። ጣራውን መልሶ የሚያነሣ ትከሻ አልቀረም፤ የደቦው ጠላም ከመንደሩ ቀርቷል። ሽማግሌዎቹም መከሩና ዋናው ከከተማው መነካካቱ ነው፣ ነካክቷል፣ ከዚህ በላይ መንካት የለም ተባለ። ግድግዳው እዚያው ታጠረ፣ ተመረገ፣ በረቱም ከጀርባው ተሠራ።

ቀያሹ ከመስቀል በኋላ ቃሉን አክብሮ መጣ። ጎጆውን አየው፣ ዞረው፣ ደግሞ አየው። ይህ ቤት ባለፈው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። መንደሩ በሙሉ ሰማዩን አየ። አያ ይስማው ብቻ አልዋሹም፣ እውነቱንም አልተናገሩ፤ «ቤቱስ የድሮ ነው፤ ጥላሸቱን እየው» አሉት። ቀያሹ ሳቁን ለመደበቅ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ችካሉን ሲተክል እኛ እልል ልንል አፋችንን አዘጋጅተናል። ጎጆውን ከበበ፣ በረቱን ከበበ፣ ከበረቱ ጀርባ ሲደርስ ግን ወደ ከተማው ታጠፈ። ምነው ብለው ቢጮሁበት ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የሚነካካውን አስገባለሁ ብያችኋለሁ፣ ይህ ቤት ይነካካል፤ ከዚህ ወዲህ ግን መስክ ነው አለ። እውነቱን ነው። መስኩን በቤት ልንደፍነው ወጥተን፣ ከቤቱ ጀርባ እንዳለ ትተነው ተገኘን። ወይራ አፋፍ ከነሰዉ ገጠር ቀረ፤ ከመንደሩ ሁሉ ከተማን አጥብቀው የሚጠሉት አያ ይስማው ብቻ የማርቆስ ነዋሪ ሆኑ።

ጉድ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ወጣላቸው። ጓደኞቻቸው መስኩን ተሻግረው እየሄዱ «አቶ ይስማው፣ እንደምን አደሩ» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ አያ የሚላቸው ጠፋ። ቦኖውም ከገና በፊት ከደጃቸው ላይ ተተከለ፤ እንዲህ የፈጠነ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ዘውዱ በአባቱ ጎጆ እንግባ ብሎ ነበር። ግን እንዴት ተደርጎ? ፊታቸው እህል የማልቀምስ ሴት ከባል አባት ጋር በአንድ ክፍል፣ ያውም በሬዎቹ ከግድግዳው ጀርባ በሚተኙበት ልውለድ? ቤት እንለዋወጥ ሲባል ደግሞ መንደሩ እንቢ አለ፤ ስሙ የተመዘገበው ሰው ከወጣ ክልሉም ቦኖውም ተመልሶ ይሄዳል ብሎ ፈራ። አያ ይስማው በዚያች ጎጆ እንደ ችካል መቆም ነበረባቸው። ውኃው ደረሰ፤ ደጃፉ ግን የእኔ አልነበረም። ሆዴ ገፍቷል፣ እናቴም ቀኑን እየቆጠረች ነው።

ይህን ጊዜ ነው ያ ነገር የጀመረው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ከደጄ ሳል ሰማሁ። ስወጣ ቢጫ ጀሪካን እስከ አፉ ውኃ ተሞልቶ ከበሩ ሥር ቆሟል፤ አማቴ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኩ ላይ እየሄዱ ነው። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ቦኖው አጠገብ ከብት እንዳይቀርብ ስለ ተከለከለ አህያ አልጫኑም፤ በገዛ ትከሻቸው ነው የሚያመጡት። ወንድ ልጅ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ለምራቱ ውኃ ሲሸከም በአገራችን ታይቶ አያውቅም፤ ቢታይ መሳቂያ ነው። ለዚህም ነው ጎሕ ሳይገፋ የሚመጡት። መንደሩ ግን አንድ በአንድ ያውቅ ነበር። ያወቀውም አልሳቀም። ሴቶቹ አያ ይስማው ተመልሰው እስኪሻገሩ በራቸውን አይከፍቱም፣ እረኞቹ ከብቱን በሌላ በኩል ያወጣሉ። የዚያን ሰው ኀፍረት መላው ወይራ አፋፍ በራፉን ዘግቶ ጠበቀለት። ዛሬም ሳስበው ሰው ሆኖ መፈጠር ደስ ይለኛል።

እናቴ የመጣችው ከጥምቀት በኋላ፣ ልወልድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው። የጋሪ ማቆሚያው ጎረቤታችን ነውና ከሁሉ የሚሻለውን ፈረስ መርጣለች፤ ጋሪው ላይ ለእኔ ፍራሽ አንጥፋለች። ያን ዕለት ውኃው በቦኖው ዘግይቶ መጣ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ገበያተኛው መንገድ ጀምሯል፣ እናቴ ከደጄ ቆማ ዕቃዬን እንድሰበስብ ታዘኛለች፤ ዘውዱ አንገቱን ደፍቶ አብሯት ቆሟል። በዚህ መሐል አማቴ ጀሪካኑን በትከሻቸው አድርገው በመስኩ መሐል ብቅ አሉ። ጋሪውን ሲያዩ ቆሙ። ሊመለሱ የሚመስል ነገር አሳዩ፤ ከዚያ ቀጥ ብለው መጡ። ጀሪካኑን ከበሩ ሥር አስቀመጡት። ጋቢያቸው ርሷል።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ዋስ ነበርሁ፤ ውኃው ኸኔ ደጅ ቀረ፣ ኸሷ ደጅ አልደረሰም። ልጅዎን ይውሰዱ፣ ልጄም ይከተላት፤ አልቀየምም» አሉ።

እናቴ ጀሪካኑን አየች፣ ትከሻቸውን አየች። በኋላ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ታላቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸው። «አያ ይስማው፣ ታዲያ ይህ ከደጇ ላይ የማየው ምንድን ነው?» አለቻቸው። ወደ ባለጋሪው ዞራም ፍራሹን አውርደህ ሂድ፣ ክርስትናው ሲያልቅ ትወስደኛለህ አለችው። ፍራሹን እሷው ተኛችበት፤ ልጄንም በዚያች ቤት ወለድሁ።

ወይራ አፋፍ ከነሙሉ ሰዉ ከተማ የገባው ያ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። መስኩ መንገድ ሆነ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ ቤት ከቤት ተያያዘ። መብራቱ ቀደመ፣ ቧንቧው አስከትሎ መጣ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ፊሽካቸውን እየነፉ መዞር የጀመሩት ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ቧንቧዬ የተከፈተ ሰሞን ውኃ በፈረቃ ሆነ፤ የእኛ መስመር ሲመጣ የእነ አያ ይስማው ይደርቃል። አንድ ቀን በቀትር ሳላቸውን ሰማሁ። ወጥቼ ባይ በእጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል፣ ዐይናቸው መሬት መሬት ያያል። ተቀብያቸው እስከ አፉ ሞላሁት። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ያዝሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያናገርኋቸው ያኔ ነው። «አባባ፣ ይተዉት፤ የእኔ ተራ ነው» አልኋቸው።

ጀሪካኑን ከትከሻዬ አደረግሁት። እሳቸው በትራቸውን ይዘው ከጎኔ ሆኑ። ገበያ የሚመለሰው ሰው፣ ባለጋሪው፣ በየደጁ የተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ ቆሞ አየን። በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገዱ መሐል፣ ቀስ ብለን ሄድን።